ያልነበረችው ጳጉሜ ስድስት

በፈረንጆቹ 2014፣ ሴፕቴምበር 11 ጠዋት፣ ዶክተር ዓባይነህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታቸው ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ሻያቸው ውስጥ የልብ መድኃኒታቸው ከልክ በላይ ተጨምሯል። ከፊታቸው ሌላ ወንበር ተስቦ ቀርቧል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ በአማርኛ የተተየበ ወረቀት አለ፦ «የተመሰገንኩበት ሥራ የኔ አልነበረም። በቃኝ። ጳጉሜ 6 ቀን 2006።»

ሥራቸው የአቶም ሰዓት ነበር። የአቶምን ንዝረት ቆጥሮ ሰከንድ የሚለካውን ሰዓት ከሠሩት ቀደምት ፊዚሲስቶች አንዱ ናቸው። በሳምንቱ አንድ ላቦራቶሪ በስማቸው ሊሰየም ነበር። ሰዎች ሲያሟቸው «ምቀኛ አታሳጣኝ» እያሉ ይስቁ ነበር። ሰውዬው የለመኑትን አግኝተዋል!

የካውንቲው ፖሊስ መርማሪ ሉባባ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና ወደ ባለቤታቸው ወደ ወይዘሮ እታለማሁ ዞረች።

«ልጄ፣ ራሱን ገደለ ከተባለ ፍትሐት ይከለከላል» አሉ፣ ደረታቸውን እየደቁ። «ያለ ፍትሐት ከምቀብረው እኔኑ ቅበሩኝ!»

«ትጣሉ ነበር፣ እትዬ?»

«ያ ሰዓት ጣውንቴ ነበር። አርባ ዓመት ቀናሁበት። ግን በጣውንቷ ቀንታ ባሏን የምትገድል ሴት አለች እንዴ?»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤተ ክርስቲያን ነዋ! በዛሬ ቀን የት ልሆን?»

ሬሳውን ያገኘው ከታኮማ ፓርክ የመጣው ታናሽ ወንድማቸው ሳህሉ ነው። የገዛው ቢጫ አበባ አሁንም እጁ ላይ ነበር።

«እንኳን አደረሰህ ልለው ነበር የመጣሁት» አለ። «ቀንቼበት አውቃለሁ፣ አልዋሽም። እናታችን ‹እንደ ወንድምህ› ሳትል የዋለችበት ቀን የለም። እሱ አቶም ቆጣሪ፣ እኔ ፓርኪንግ ጠባቂ!»

ሉባባ ከዚያው ብዙ ሳይርቅ አሌክሳንድሪያ ወዳለው ወደ ሲራክ አፓርታማ ነዳች። ሲራክ ከሟቹ ጋር ሠላሳ ዓመት በአንድ ላቦራቶሪ የሠራ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው።

«ሞተ? ወይኔ ወንድሜን! ነገ ለእንቁጣጣሽ እሄዳለሁ ብዬ ነበር እኮ!»

«ማንም ኮል አላደረገልዎትም?»

«ለኔ ማን ይደውላል? የሚደወለው ለሱ ነው።»

ሉባባ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየች። «ይሄስ?»

«የሚሌኒየሙ በዓል። የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ። ሴፕቴምበር 12፣ 2007፤ መቼም አልረሳውም። መድረክ ላይ የወጣው ግን ያው እሱ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ቤዝመንቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጋሽ ሳህሉ፣ ዘንድሮ ጳጉሜ ስንት ቀን ነበረች?»

«አምስት። ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ ነው። ትናንት አለቀች፤ ዛሬ እኮ መስከረም አንድ ነው!»

«ወረቀቱ ግን ጳጉሜ 6 ይላል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰከንድ የቆጠሩ ሰው የሌለ ቀን ይጽፋሉ? አይጽፉም። የጻፈው ዛሬ አዲስ ዓመት መሆኑን የማያውቅ ሰው ነው። እትዬ ለበዓሉ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ ጋሽ ሳህሉ አበባ ይዘው መጡ። እርስዎ ግን፣ ጋሽ ሲራክ፣ ‹ነገ ለእንቁጣጣሽ› አሉኝ። ሚሌኒየሙ ሴፕቴምበር 12 የዋለው የዚያን ዓመት ጳጉሜ ስድስት ስለነበረች ነው። እርስዎ ግን ሁልጊዜ 12 መሰለዎት፤ ስለዚህ ዛሬን፣ ሴፕቴምበር 11ን፣ ጳጉሜ 6 አሉት። ዶክተር ወንበር ስበው ሻይ የሚጠጡትም ከሚያምኑት ሰው ጋር ነው።»

ሲራክ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ሠላሳ ዓመት!» ብሎ ጮኸ። «ሠላሳ ዓመት አብረን ቆጠርን! ስም የወጣው ለሱ ብቻ! አሁን ደግሞ ግድግዳ ላይ ሊለጥፉለት! እኔ ሰው አይደለሁም?»

ሳህሉ አበባውን ጣለና ተነሣበት፤ ሉባባ መሐል ገብታ ሲራክን በካቴና አሰረችው። በቅናት ያልተቃጠለ ከመሐላቸው አልነበረም፤ ቤቱን ያቃጠለው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ወይዘሮ እታለማሁ ሲራክን ዞረው እንኳ አላዩትም። ስልክ አንሥተው ለነፍስ አባታቸው ደወሉ።

«አባቴ፣ ፍትሐቱን ይጀምሩልኝ» አሉ፣ እያለቀሱም እየሳቁም። «ራሱን አልገደለም። ተገድሎብኝ ነው! ተመስገን ጌታዬ፣ ተገድሎብኝ ነው!»