ሁለተኛው ቫዮሊን

ጋሽ ክንፉ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ሸክላውን በእጅጌያቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ማጫወቻው ላይ ያስቀምጡታል፤ ከዚያ የራሳቸውን ቫዮሊን ክሮች ያላላሉ። ሸክላው ላይ ያሉት ሙዚቀኞች ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የነበረውን የአውሮፓ ባሮክ ዘመን ማብቂያ ሙዚቃ የሚጫወቱት በዚያው ዘመን መሣሪያዎች ነው፤ ክሩ ከበግ አንጀት፣ ዋሽንቱ ከእንጨት፣ ቅኝቱም ከዛሬው ዝቅ ያለ። አብሯቸው መጫወት የፈለገ ሰው ወደ እነሱ መውረድ አለበት።

«መቼም እነሱ ወደ እኔ አይወጡ» ይላሉ ጋሽ ክንፉ፣ ቀልዳቸውን የሚሰማ ባይኖርም።

ጡረታ የወጡ የሙዚቃ አስተማሪ ናቸው። የባለቤታቸው የትርሲት ተዝካር ከወጣ ወዲህ በራቸውን ያንኳኳ ሰው የለም። አንድ ሰው ብቅ ብሎ «እንዴት ዋሉ» ቢላቸው ምን ነበረበት? ስለዚህ ሸክላው ላይ ካሉት ሁለት ቫዮሊኖች ሁለተኛውን እየተከተሉ ይጫወታሉ።

አንድ ቀን ሁለተኛው ቫዮሊን ከሸክላው ጠፋ። የሚሰማው የእሳቸው ብቻ ነበር። ጆሮዬ አርጅቷል ብለው አለፉት። በማግስቱ ዘገምተኛው ክፍል ላይ ሳል ያዛቸውና ደጋናቸውን አወረዱ፤ ሸክላው ላይ ያሉትም መጫወት አቆሙ። ሸክላው ይሽከረከራል፣ መርፌው ይንጣጣል፣ ሸክላው ውስጥ የሆነ ሰው ወንበሩን ሲያስተካክል ይሰማል፣ የእርጥብ እንጨት ሽታ ክፍሉን ይሞላል፤ ሙዚቃው ግን የለም። እየጠበቋቸው ነበር። እሳቸው ሲጀምሩ እነሱም አብረው ጀመሩ። ደነገጡ፣ ደስም አላቸው፤ የሚጠብቃቸው ሰው ካገኙ ስንት ጊዜያቸው!

ሌላ ቀን ሳይጫወቱ ሊያዳምጡ ተቀመጡ። ሁለተኛው ቫዮሊን ተመልሷል፤ አጨዋወቱ ግን የራሳቸው ነው። ዘገምተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ከድምፅ ማጉያው ሳል ተሰማ፤ ያው ደረቁ የእሳቸው ሳል።

ሸክላውን መስበር ነበረባቸው። ከዚያስ ማን ይቀራቸዋል? ቫዮሊናቸውን አነሱና ክሮቹን ከወትሮው ይበልጥ አላሉ። ሲጫወቱ የውጪው ውሻ ጩኸት ራቀ፣ የቧንቧው ጠብታ ራቀ፣ የመስኮቱ ብርሃን ጠፋ፤ የዋሽንት ነፊው ትንፋሽ ግን አንገታቸው ላይ ሞቀ።

በሩ ተንኳኳ።

«ጋሽ ክንፉ! አሉ እንዴ? የሺመቤት ነኝ፣ ጎረቤትዎ። ዳቦ ጋግሬ ነበር።»

እንባቸው መጣ። ሊነሱ ሞከሩ፤ እግራቸው የት እንዳለ አላገኙትም። በሩ ሲከፈት ሰሙ፣ ብርሃን ግን አልገባም። የየሺመቤት ኮቴ ከላያቸው ቀረበ።

«አለሁ! ግቢ!» ብለው ጮኹ። ድምፃቸው በድምፅ ማጉያው ወጣና ከሙዚቃው ጋር ተደባለቀ።

«ውይ፣ የሉም» አለች የሺመቤት። «ሸክላውን ሳያጠፉት ነው የወጡት።»

«እዚህ ነኝ፣ የሺ፣ እባክሽ መርፌውን አታን...» ብለው ሳይጨርሱ የሺመቤት መርፌውን አነሳችው።