የትራስ ልብስ የለበሰው ኮምፒውተር

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ያለው ኮምፒውተር ለዓመታት የትራስ ልብስ ለብሶ ኖረ። ያለበሰችው የክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ባልደረቦቿ «እሜቴ እምቢ» ይሏታል። ቂም ይዛ ነው። የአንሶላ መቆጣጠሪያው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲዘጋጅ ዞር ብሎ ያያት፣ ሥራሽ እንዴት ነው ያላት ሰው አልነበረም። አንሶላ ገና ከማጠቢያ ማሽኑ እንደወጣ ኮምፒውተሩ «ደርሷል» ብሎ ለየክፍሉ ያወራል፤ አንሶላው ግን ገመድ ላይ ውሃው ይንጠባጠባል። በዚህ የተነሳ የልብ ወዳጇ የነበረችው አዋላጅ ነርስ አንድ ቀን በሰው ፊት «ውሸታም» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ምሳ አብረው በልተው አያውቁም።

ዘንድሮ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ሊሠራ ነው ተባለና የምትሠራው ወጣት ሁሉንም ለስብሰባ ጠራች።

«አልሄድም» አለች እሜቴ እምቢ። «ያኔ ያልጠየቁኝ ዛሬ ምን ጎደላቸው?»

«ሂጂና እዚያ አኩርፊ» አላት አብሯት የሚያጥበው ሽማግሌ። «እዚህ ብታኮርፊ ማን ያይልሻል?»

ይሄ ነገር አሳመናት፤ ሄደች። አዋላጇ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች፤ ሁለቱም ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ወጣቷ አንድ አንሶላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና «ይሄ ከአልጋ ተነስቶ አልጋ ላይ እስኪመለስ ምን ምን ያያል? እኔ አላውቅም፤ በየተራ ንገሩኝ» አለች።

እሜቴ እምቢ ስለ ማድረቁና ስለ ካውያው ተናገረች። ዝናብ ከዋለ አንሶላው ለማግስቱ ያድራል።

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገርሽኝም?» አለች አዋላጇ።

«መች ጠየቅሽኝ?»

«በኮምፒውተሩ ስንቴ ጻፍኩልሽ! የወለደች እናት ባዶ ፍራሽ ላይ ተኝታ ‹እባክሽ አንድ እንኳ› እያልኩ። ሲጨንቀኝ የመጣልኝን ቁም ሳጥን ውስጥ መደበቅ ጀመርኩ።»

«አንሶላዬን የምትውጠው አንቺ ነሽ በያ። ቆይ፣ ያ ኮምፒውተር ደብዳቤም ይቀበላል እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ባዶ ፍራሽ ላይ የተኛችው እናት ታየቻት። ያንን ሁሉ ልመና በገዛ እጇ ሸፍናው ኖራለች።

ወጣቷም ሠርታ ያመጣችውን ንድፍ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አብረን ከመጀመሪያው እንነሳ» አለች።

ወገኖቼ፣ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም ሲያሠራ ሠራተኞቹን አስቀድሞ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጥ። አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ የተሠራ ፕሮግራም የሚያፋጥነው ጠባችንን ብቻ ነው። እኛም ያልጠየቀን ሰው ካለ ሄደን እንንገረው፤ ኩርፊያችንን ማሽን አያነበውም።

በማግስቱ እሜቴ እምቢ የትራስ ልብሱን ከኮምፒውተሩ ላይ ገፈፈችው። አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ተኮሰችው። ከደረቁት አንሶላዎች ላይ ደርባ ራሷ ተሸክማ ማዋለጃ ክፍል ገባች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች አዋላጇ።

«ደርሷል» አለቻት። «ምሳ በልተሻል?»