ሻኛ ያጣው ግመል

በድሬ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ከመስጊዱ ማዶ ባለችው የመጫወቻ ሱቁ፣ የመግሪብ አዛን ገና ከጆሮ ሳይጠፋ ሽማግሌው ነጅሙዲን ከጠረጴዛው ሥር ተዘርሮ ተገኘ። ቀኑን ሙሉ ጾሞ ውሏል፤ ጾሙን ገና በአንድ ተምር መፍታቱ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተምሯ ፍሬ አለች፤ ያልተነካ ሾርባ አለ፤ ከሾርባው አጠገብ ነጭ ጨርቅ የተጣለበት ትሪ አለ።

ኢንስፔክተር ሸዋገነት ጉልበቷን በሁለት እጇ ደግፋ ጎንበስ አለች። ጡረታዋ ደጅ ላይ ቆሟል፤ የድሬ ሙቀትና የሰው ክፋት ተጋግዘው አድክመዋታል። የሟቹን ዓይን ገልጣ አየች፤ ብሌኑ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። ከከንፈሩ ጥግ አረፋ ደርቋል። ሐኪሙም ቆይቶ ያለው ከዚህ አልራቀም፤ የተባይ መርዝ ነው፣ በአፍ የገባ፣ ብርቱ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሳጅን ኃይለጊዮርጊስ። «ሾርባውን ያመጣችው የወንድሙ ልጅ ዱኒያ ናት። ሱቁንም የምትወርሰው እሷ ናት።»

«ሾርባው እኮ አልተነካም።»

«አንድ ማንኪያ ቢቀምስ በምን ይታወቃል?»

ሸዋገነት መልስ ለመስጠት አፏን ስትከፍት የሰፈሩ ድመት ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ሾርባውን ትልስ ጀመር። ሳጅኑ ሊያባርራት እጁን አነሳ።

«ተዋት» አለች። «ቤቷ ድረስ ተከተላትና ነገ እንዴት እንዳደረች ንገረኝ።»

ሳጅኑ ድመት ለመከተል ፖሊስ እንዳልሆነ ፊቱ ላይ ተጽፎ ወጣ። እሷም የትሪውን ጨርቅ ገለጥ አደረገች። ሕፃናት ገጣጥመው የሚጫወቱበት የእንጨት ግመል ነው፤ አንገቱ፣ እግሩ፣ ጅራቱ፣ ሻኛው፣ ሁሉም በየቦታው ገብቶ ሙሉ ሆኖ ተኝቷል። ቀለም የለውም፤ በዘይት ብቻ የታሸ። ለልጅ ልጄ እንዲህ ያለ ነበር መግዛት አለች በልቧ። አንድ ነገር ዓይኗን ኮሰኮሳት፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዘችውም። ደክሟት ነበር። ጨርቁን መልሳ ሱቁን አሸገች።

ዱኒያ የዚያኑ ዕለት ታሰረች። ሃዎ የምትባል፣ ገና ጡት ያልተወች ልጅ አለቻት፤ ልጅቷን ጎረቤት ወሰዳት። ሸዋገነት ሌሊቱን እንቅልፍ ይዟት አልሄደም። ሕፃኗ በማን ጉያ አድራ ይሆን፣ ምን በልታ ይሆን እያለች ስትገላበጥ ነጋ።

ጠዋት ሳጅኑ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «ድመቷ ደህና ናት። እንዲያውም ስጋ ሰርቃ ተገርፋለች።»

«ሾርባው ንጹሕ ነው ማለት ነዋ። ዱኒያን አምጣልኝ።»

ዱኒያ ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል፤ ሻርፗን ወደ ፊት ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

«ከተምሯ በኋላና ከሾርባው በፊት አጎትሽ አፉ ውስጥ ምን ያስገባል?»

«አዴሮ? መጫወቻ ነዋ» አለች፣ አጎቷን እንደ ልማዷ እየጠራች፤ ይህን የማያውቅ ሰው ድሬ ላይ ያለ አይመስላትም። «‹እኔ ያልጎረስኩትን ልጅ አይጎርስም› ይላል። አዲስ ዕቃ ሲገባ አንድ በአንድ አፉ ውስጥ ይከተዋል። ድሮ ይነክሰው ነበር፤ ጥርሱ አልቆ ድዱ ብቻ ከቀረ ወዲህ ይመጠምጠዋል። መጀመሪያ ጎልቶ የወጣውን ነው። ልጅም የሚጎርሰው እሱን ነው ይላል።»

«በጾም?»

«በጾምማ ቀን እንዴት አድርጎ? ትሪው ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ ያቆየዋል። አዛን ሲል በተምር ያፈጥርና፣ ሾርባው እስኪበርድ መጫወቻውን ይሞክራል።»

«ትናንት ማን መጣ?»

«አናጢው ጋሽ ይሳቅ ግመሉን አደረሰ። ከዚያ ሚስ ሀምዲያ፣ የሳቢያን መዋዕለ ሕፃናት ባለቤት፣ ለትንንሾቹ ዕቃ ልትመርጥ መጥታ ትሪው ጋ ቆየች። እኔ ሾርባውን ይዤ ስገባ…» ዓይኗን በሻርፗ ጠረገች። «ስጮህ ይሳቅ ከማዶ፣ ጎረቤታችን ዓብዱልአዚዝ ከሱቁ፣ ሚስ ሀምዲያም ደጅ ባጃጅ ስትጠብቅ ነበርና ገቡ። ፖሊስ እስኪመጣ እኛው ብቻ ነበርን።»

«አጎትሽ ሰሞኑን ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ከዓብዱልአዚዝ ጋር ሁልጊዜ ነው። ሌላ አላውቅም። ብቻ ጾም ሊገባ ሲል ከሳቢያን ሲመለስ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ መጣ። አዴሮ ሊፒስቲክ ጀመርክ ወይ ብዬ ሳቅኩበት። እሱ አልሳቀም።» ዱኒያ ቀና አለች። «እማማ፣ ሃዎ በጡጦ እምቢ ትላለች። በማንኪያ ስጧት በሉልኝ።»

ሸዋገነት ሱቁ ስትደርስ እሽጉን ቀድዳ ገባችና ግመሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው። አሁን ትናንት የኮሰኮሳትን አገኘችው። የእንጨቱ ጅማት፣ ያ ቡናማ መስመር፣ ከአፍንጫው ተነስቶ በአንገቱ ወርዶ እስከ ጅራቱ ይፈሳል፤ ሻኛው ላይ ሲደርስ ግን ይቋረጣል። የሻኛው መስመር ሽቅብ ነው። መነጽሯን አደረገች። ሻኛው ጫፍ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። የወተት ጥርስ ነው፤ የልጅ ልጅ ያላት ሴት አይስታትም።

ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣባት። እውነተኛው ሻኛ መርዝ እንደተቀባ ከዚህ ሱቅ ወጥቷል። የት ነው ያለው? አሸዋው ላይ ቢጣል ልጅ ያነሳዋል። ቆሻሻ ውስጥ ቢጣል ልጅ ያነሳዋል። ልጅ ምን የማያነሳው ነገር አለ?

ይሳቅን አናጢ ቤቱ አገኘችው። ድሮ የባቡሩ አናጢ ነበር፤ ሲናገርም እንደ ባቡሩ ቆም እያለ ነው።

«ጋሽ ይሳቅ፣ ግመሉን ከምን ሠሩት?»

«ከአንድ ጣውላ። ሟች ሌላ አይቀበልም። ልጅ ቅርፁን ባያውቀው መስመሩን ተከትሎ ይገጥማል ይል ነበር። ልክ ነው። ልጆች መስመር ይወዳሉ።»

«ሻኛው ቢጠፋ?»

«ከዚያው ጣውላ ትራፊ እቆርጣለሁ። ያውና» አለ፣ ጥጉን በአገጩ እያሳየ። «ሌላ እንጨት ከገባማ የሰው እግር በሌላ ሰው ላይ መቀጠል ነው።»

«ሌላ ግመል ለማን ሠርተዋል?»

«አምና ለሚስ ሀምዲያ። ፎርማው አንድ ስለሆነ ልኩ ያው ነው።»

ዓብዱልአዚዝ ከውጭ የሚመጣ የፕላስቲክ መጫወቻ ነጋዴ ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ጥላ ፍለጋ ወንበሩን እያዞረ አገኘችው።

«አቦ ኢንስፔክተር፣ እኔን የስኒ ነገር ገደለኝ እንጂ እሱን እኔ አልገደልኩትም። ደንበኛ እኔ ጋ ገዝቶ ሲወጣ ይጠራዋል። ዕቃውን ከስኒ ውስጥ ይከተዋል። ‹በስኒ የገባ በሕፃን ጉሮሮም ይገባል፣ መልስለት› ይለዋል። ወላሂ አንድ ጾም ሙሉ መኪኖቼን በስኒ ሲለካ ከረመ።»

«እውነቱን ነበር?»

ጎማ የወለቀች ትንሽ መኪና በእጁ አገላበጠ። «እውነቱን ነበር። ከተጣላን ወዲህ ግን ሱቁን ረግጬ አላውቅም፤ ትናንት ዱኒያ ስትጮህ ነው የገባሁት።»

«ስትገባ ምን አየህ?»

«ምን አያለሁ? ዱኒያ መሬት ላይ፣ ይሳቅ ራሱን ይዞ። ሚስ ሀምዲያ ብቻ በዚያ ጩኸት መሐል የወደቀ ጨርቅ አንስታ ትሪውን ትሸፍናለች። አስተማሪ አይደለች፣ የተዝረከረከ ነገር አያስችላትም።»

ሸዋገነት ባጃጅ ይዛ ሳቢያን ወረደች። የመዋዕለ ሕፃናቱ የብረት በር ገና በተቀባ ሰማያዊ ቀለም ያብረቀርቃል። ሚስ ሀምዲያ በአክብሮት ተቀብላ አስገባቻት፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ድምጿ ግን የተኛ ልጅ አጠገብ እንደሚወራ ለስላሳ ነው። ቤቱ ንጹሕ ነው። የመድኃኒቱ ሣጥን ልጅ ቀርቶ ሸዋገነት በማትደርስበት ከፍታ ተሰቅሏል፤ የቁልፉ ክር ከሀምዲያ አንገት ላይ ይታያል።

መደርደሪያው ላይ ለእያንዳንዱ መጫወቻ ምስሉ ተስሎለታል፤ ልጆቹ ተጫውተው ሲጨርሱ ዕቃውን በምስሉ ላይ ይመልሳሉ። የዓሣው በዓሣው፣ የቤቱ በቤቱ። የግመሉ ምስል ባዶ ነው።

«ግመሉስ?»

«ተሰብሮ ጣልነው።»

«መቼ?»

«እህ… ሰሞኑን።»

ሸዋገነት ከሥር ካለው ቅርጫት አንድ የእንጨት ኩብ አነሳች። ሰማያዊ ነው። አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ አሸችው። ጣቷ ሰማያዊ ሆነ። አንድ ልጅ ያንኑ የመሰለ ኩብ እያላመጠ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል፤ ሄደች፣ ቀስ ብላ ከአፉ አወጣችና ኪሷ ከተተችው። ልጁ አለቀሰ። ሀምዲያ አንስታ አቀፈችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በነጅሙዲን ሱቅ ተሰበሰቡ። ወንበር ስላልነበረ የልጆች ዱካ ላይ ተቀመጡ፤ ዓብዱልአዚዝ ጉልበቱ አገጩ ደርሶ፣ ይሳቅ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሀምዲያ ቦርሳዋን አቅፋ። ዱኒያ በሳጅኑ አጠገብ ናት። ሃዎን አምጥተውላታል፣ ልጅቷ ጡት ትጠባለች፤ በሱቁ የሚሰማው የመጥባቷ ድምፅ ብቻ ነው።

«ለመቆም አቅም የለኝም፣ ተቀምጬ እናገራለሁ» አለች ሸዋገነት። «ሾርባው አልገደለም፤ የበላችው ድመት አለች። ሟች ከተምሯ በኋላ አፉ ውስጥ ያስገባው መጫወቻ ነው። መርዙ እሱ ላይ ነበር።»

«ጾም ላይ ሆኖ?» አለ ዓብዱልአዚዝ፤ ከዚያ ራሱ መልሶ፣ «ከአዛን በኋላ… ያ አላህ።»

«ሁላችንንም ያታለለን ጾሙ ነው። ‹ጾም ላይ ነው፣ ምን ይጎርሳል› አልን። ጨርቁ ሥር ያለው ዕቃ አዛን እንደሚጠብቅ የሚያውቅ ሰው ግን ከሰዓት መጥቶ ሻኛውን መርዝ ቀባ፤ ሽማግሌው መጀመሪያ የሚመጠምጠው እሱን ነውና። ዱኒያ ስትጮህ ከሰው ጋር ገብቶ የተመረዘውን ወሰደ፣ አስቀድሞ ያዘጋጀውን ሌላ ሻኛ ተካ። ይኸውና» አለችና ግመሉን አሳለፈችላቸው። «መስመሩን እዩት።»

ይሳቅ ጣቱን በመስመሩ ላይ ነዳ። ሻኛው ጋ ቆመ። «ይህ የዚህ አይደለም።»

«ጋሽ ይሳቅ ቢሆኑ ከዚያው ጣውላ ይቆርጡ ነበር። ዓብዱልአዚዝ የእንጨት ግመል የለውም፤ ከሰዓት በኋላም ወደዚህ አልገባም። ዱኒያ ጥፋተኛ ብትሆን የመጫወቻውን ነገር ራሷ ባልነገረችኝ። በዚያ ላይ ሻኛው ላይ የወተት ጥርስ አለ። ግመሉ ትናንት የመጣ ነው፤ ሟችም ጥርስ የለውም። ይህ ሻኛ ብዙ ልጅ ያኘከው ነው። የመጣው የግመሉ ምስል ባዶ ከሆነበት መደርደሪያ ነው።»

ሁሉም ወደ ሀምዲያ ዞሩ። እሷ ሃዎን ታያለች።

«ምክንያቱ ይህ ነው» ሸዋገነት ሰማያዊውን ኩብ አወጣች። «የበር ቀለም ነው፣ ልጅ ሲጎርሰው ይመርዛል። አሮጌዎቹን ኩቦች በበሩ ቀለም ቀባሻቸው። ነጅሙዲን መጥቶ እንደ ልማዱ ጎረሰ፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ተመለሰ። ምን አለሽ?»

«ለወላጆች እነግራለሁ አለኝ» አለች ሀምዲያ በዚያው ለስላሳ ድምጽ። «ልጅ ታሞብኝ ነበር። ሆዱን እያመመው ሆስፒታል ተኛ፤ ከምን እንደሆነ ማንም አላወቀም። እኔም አላወቅሁም፣ እሱ እስኪነግረኝ። ኩቦቹን ሁሉ አነሳለሁ፣ አንተ ብቻ ዝም በል አልኩት። ‹ብታነሺውም የታመመው ልጅ እናት ማወቅ አለባት› አለኝ። ዕድሜዬን የሠራሁት ቤት ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«ኩቦቹን ግን አላነሳሽም።»

«ባነሳቸው ሰው ለምን ይላል ብዬ ፈራሁ።»

ይሳቅ ባርኔጣውን ጨመደደ። ዓብዱልአዚዝ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«ማስረጃውስ?» አለ ሳጅኑ በሹክሹክታ። «የተመረዘው ሻኛ የት አለ?»

ሸዋገነት ሀምዲያን ትክ ብላ አየቻት። ስትናገር ቁጣ የለባትም፤ ድካም ብቻ ነው። «ሌላ ሰው ቢሆን ይጥለው ነበር። አንቺ ልትጥይው አትችይም። የትም ብትጥይው የሚያነሳው ልጅ ታየሽ። ጭሱን ፈርተሽ አላቃጠልሽውም፣ ከልጅ ዓይን ስላልራቅሽም አልቀበርሽውም። ልጅ የማይደርስበት አንድ ቦታ ነው ያለሽ።»

ሀምዲያ እጇን ወደ አንገቷ ላከች። ክሩን አወጣች፤ ቁልፉን ሳጅኑ መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

«በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ» አለች። «በባዶ እጅህ አትንካው። ከነካኸውም ታጠብ፣ ልጆች ካሉህ።»

ሳጅኑ ይዟት ወጣ። ዱኒያ አልተነሳችም፤ ሃዎ ጡቱን እንደጎረሰች እንቅልፍ ወስዷታል። ዓብዱልአዚዝ ተነሳና ወደ ሱቁ ሄደ፤ ከደጃፉ ትንንሾቹን መኪኖች እየለቀመ ካርቶን ውስጥ ሲያስገባ በመስኮቱ ታየ።

«ግመሉን ለልጅ ልጄ ልውሰደው?» አለች ሸዋገነት ዱኒያን። «ጉዳዩ ሲያልቅ ነው። ጋሽ ይሳቅ ሻኛውን ይሠሩለታል።»

«ከትራፊው» አለ ይሳቅ። «መስመሩ ይገጥማል።»

ማታ ቤቷ ስትገባ የልጅ ልጇ በምራቅ የራሰ የእንጨት አሻንጉሊት ይዛ እየተንደረደረች መጣች። የማን ስጦታ እንደነበር ሸዋገነት ረስታዋለች፤ ቀለሙ ቀይ ነው። ጫማዋን ሳታወልቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ አሻንጉሊቱን ከልጅቷ ተቀበለች። በቀሚሷ ጠረገችው፤ ከዚያ አፏ ውስጥ ከተተችውና ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች። አውጥታ መዳፏን አየች፤ ቀልቷል።

ልጅቷ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች።

«ቆይ» አለቻት። «ሌላ እገዛልሻለሁ።»