ክር አቃጣዩ ዳኛ

ጋሽ ወንድይራድ በሕይወት ዘመናቸው ለማንም አንገታቸውን ደፍተው አያውቁም። የዛን ቀን ጠዋት ግን እንጦጦ ላይ፣ ከባዛሩ ድንኳኖች ጀርባ፣ ባሕር ዛፍ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። አንገታቸው ላይ ነጠላ ተጠምጥሟል። ነጠላው ያምራል። ራሳቸው ቢያዩት «ይለፍ» ይሉት ነበር።

ሥራቸውም እሱው ነበር፤ ማሳለፍና መጣል። «እጅ ብቻ» በሚባለው ባዛር ከውጭ በኮንቴነር የመጣ፣ ጥበቡ በማሽን የታተመ ጨርቅ አይገባም። የባዛሩ ብቸኛ ዳኛ ጋሽ ወንድይራድ ከየነጠላው አንድ ክር መዘው በላይተር ይለኩሳሉ። ጥጥ ከሆነ አመድ ይሆናል። ፕላስቲክ ከሆነ ቀልጦ እንደ ቁንዶ በርበሬ ይጠጥራል፤ ባለቤቱም ከነአባቱ ስም በማይክራፎን ይሰደባል። ሰው ያለቅሳል፣ እሳቸው ሻያቸውን ፉት ይላሉ።

ኢንስፔክተር ኢልሃም ስትደርስ ኮንስታብል ሰርፀ ምርመራውን ጨርሶላት ጠበቃት። ሸማኔው ባፈና ካቴና ገብቶለት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ነጠላው የሱ ሥራ ነው፤ ራሱም አልካደም» አላት ሰርፀ። «ትናንት ደግሞ ሟች አንዱን ሥራውን ‹ይቺን ዶሮህ ናት የሸመነችው?› ብለው ሰው ፊት ወርውረውበታል። የሚያድረውም እዚሁ ድንኳኑ ውስጥ ነው። አለቀ፤ ጣቢያ ልውሰደው?»

«ቆይ፣ አትቸኩል። ሬሳውን ሸፍኑት። ዘበኛውም ከአጠገቤ እንዳይርቅ፤ ወሬው እንዳይወጣ።» ወደ ባፈና ዞረች። «ነጠላህ እሳቸው ጋ ምን አደረሰው?»

«ትናንት ማታ ድንኳኖች ሲዘጉ ራሳቸው መጥተው ወሰዱት፣ እህቴ። ‹ከዚህ ጋር የማስተያየው አለኝ› አሉኝ። የማንን ሥራ እንደሆነ አልነገሩኝም።» ካቴናውን አየ። «ዛሬ ካልሸጥኩ ዓመቱን ልጆቼ ምን ይበላሉ? ይሄ ሰውዬ ከወሰደኝ እኮ አለቀልኝ።»

ኢልሃም ከሬሳው አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያገኘቻትን ጥቁር ጠጠር በጥፍሯ እያንከባለለች ነበር።

የባዛሩ አዘጋጅ ጆኒ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እየሮጠ መጣ። «ኢንስፔክተር፣ ፕሊስ! ኦፕኒንግ አለብን። ሰውዬውን ቶሎ ማንሳት አይቻልም?»

«እንደ ወንበር?»

«ኖ ኖ፣ እንደዛ ማለቴ አይደለም።»

እንደዛ ማለቱ ነበር።

«ከሟች ጋር የተጣላ ማን አለ?»

«ጠሀ። ትናንት ጨርቁ ቀልጦ ተባረረ። ከዛ ውጪ… ሥራዋ ገና ያልተፈተሸው ሙሉጌጥ ብቻ ናት። እሷ ግን የሚስታቸው የክርስትና ልጅ ናት፣ ቤታቸው ነው ያደገችው፣ ኖ ፕሮብሌም።»

«ሁለቱንም እዚሁ አጠገቤ ቆመህ ደውልላቸው። ‹የድንኳን ቦታ ሊቀየር ነው› በል። ስለ ሞት ትንፍሽ እንዳትል።»

ጠሀ ከአያት ሰፈር መፋቂያውን እየነከሰ መጣ። «ምነው፣ ሽማግሌው ደግሞ የማንን አነደዱ?» አለ እየሳቀ። «እኔን እንደሁ ትናንት ጠብሰውኛል።»

«ጨርቅህ የውጭ ነበር?»

«መች ደበቅኩ? ሰው ርካሽ ይወዳል፣ እኔ ሰው እወዳለሁ። ያኔውኑ ጭኜ ወደ ቤቴ መለስኩት።»

ቀጥላ ሙሉጌጥ ከመሪ ሰፈር መጣች። ነጭ በነጭ ለብሳ፣ የነጠላዋን ጥለት ወደ ትከሻዋ አውጥታ፣ ከታክሲ ስትወርድ ደልደል ያለች እመቤት ትመስላለች።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ ሙሉጌጥ? ቤት ሰላም ነው?» አለቻት ኢልሃም።

«ሰላም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ልጆች? ባለቤትዎ?»

«ደህና ናቸው።»

«እናት አባት አሉ?»

«አሉ፣ ካራ ናቸው፤ ምን ይሆናሉ።»

«ጎረቤት? ዘመድ አዝማድ?»

«ሁሉም ደህና! አንቺ ደግሞ ሰላምታሽ አያልቅም እንዴ?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለች ኢልሃም። ከዚያ ሰርፀን ይዛ የሙሉጌጥን ድንኳን ፈተሸችና ሁሉንም ባፈና ወደ ተቀመጠበት ጠራቻቸው።

«ጋሽ ወንድይራድ ሞተዋል» አለች። «በነጠላ ታንቀው።»

የጠሀ መፋቂያ ከአፉ ወደቀች። ሙሉጌጥ ደረቷን እየደቃች፣ «አባቴን! ያሳደጉኝን አባቴን!» እያለች መሬት ላይ ተዘረጋች። ኢልሃም አላባበለቻትም፤ እስክትደክም ጠበቀቻት።

«አሁን ስሙኝ። ነጠላውን ይዘው የሄዱት ሟች ራሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ የሸመነውን እንጂ ያነቀውን አይነግረንም። ይቺ ጠጠር ግን ከሬሳው አጠገብ ነበረች። ቀልጦ የጠጠረ ክር ነው። የባፈና ሸማ ጥጥ ነው፤ ቢያቃጥሉት አመድ ነው። ሰርፀ፣ ካልመሰለህ ለኩሰው።»

ሰርፀ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ኦኬ፣ ጠሀ ነዋ!» አለ ጆኒ።

«አፍህን ዝጋ አንተ!» አለ ጠሀ።

«ጠሀማ ተቃጥሎ ያለቀለት ሰው ነው» አለች ኢልሃም። «ተሰድቦ የተባረረን ጨርቅ ማን ደግሞ ይለኩሳል? ሽማግሌው የሚለኩሱት ገና ያላዩትን ነው። ያልታየችው ሙሉጌጥ ናት። ድንኳኗ ውስጥ ከላይ የእጅ ሥራ አለ፤ ከሥር ያለው በሙሉ የታተመ ነው።»

ሙሉጌጥ እንባዋን ጠርጋ ተነሳች። «ቢሆንስ? የታተመ መሸጥ ሰው መግደል ነው?»

«አይደለም። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ነጠላ አላዘቀዝቅም። ግን ከጎረቤቶቼ ጋር ለቅሶ ስደርስ ነው ያደግኩት። ጥለት ወደ ላይ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው።» ‹እርስዎ› የሚለው ነገር እዚህ ላይ ቀረ። «ልጆችሽ ደህና፣ ባልሽ ደህና፣ እናት አባትሽ ደህና፣ ጎረቤት ሳይቀር ደህና አልሽኝ። የሽማግሌውን ሞት የምናውቀው እዚህ ያለነውና ገዳያቸው ብቻ ነበርን። ታዲያ ጠዋት ከቤትሽ ስትወጪ ለማን ነው ያዘቀዘቅሽው?»

ሙሉጌጥ የገዛ ትከሻዋን የሰው ትከሻ ይመስል አየችው። ከዚያ በሁለት እጇ ነጠላውን ለመገልበጥ ተጣደፈች።

«ተይው» አለቻት ኢልሃም። «አሁንማ ያምርብሻል።»

ሙሉጌጥ ነጠላውን ለቀቀችው።

«‹ወለተጊዮርጊስ› ብለው በክርስትና ስሜ ጠሩኝ» አለች ሙሉጌጥ፣ ድምፅዋ ወርዶ። «የሚምሩኝ መስሎኝ ተንበረከክኩ። ሳቁብኝ። ‹ነገ በማይክራፎን እጠራሻለሁ፤ መንበርከክሽንም እነግርልሻለሁ› ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ነጠላው ትከሻቸው ላይ ነበር… ኀዘኔ ግን የእውነት ነው። ያሳደጉኝ አባቴ ናቸው።»

«አውቃለሁ። የተያዝሽውም በሱ ነው። ባታዝኚላቸው ኖሮ የሚታሰረው ባፈና ነበር።»

ካቴናው ከሸማኔው እጅ ወጥቶ ሙሉጌጥ እጅ ላይ ገባ። ባፈና አንጓውን እያሻሸ ወደ ጆኒ ሄደ።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ የሚገባውን ሥራ ማን ያጣራል?»

«ዳኛ ሞቷል፤ ስለዚህ ሁሉም አልፏል» አለ ጆኒ መነጽሩን ወደ ዓይኑ እያወረደ። «በሩን ክፈቱት!»

ጠሀ ይህን ሲሰማ ስልኩን አወጣ። «ጨርቁን መልሳችሁ ጫኑት!» ብሎ ጮኸ።

ከቀትር በኋላ የጠሀ ድንኳን ፊት ሰው ይጋፋል። ባፈና ጋ አንዲት ሴት ብቻ ቆመች። ነጠላውን ዳበሰችው፣ ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፣ ደስ አላት። ዋጋውን ስትሰማ ግን መልሳ አስቀመጠችው።

«ይሄ እኮ እዛ ጋ አለ» አለችው። «ያውም የሱ አይጨማደድም።»