ማንያዘው

የዝናቡ ደወል ከዛግራ ግንብ በተነጠቀ ቀን ፀሐይ ደም መስላ ወጣች፤ ምንጮችም ነጠፉ። የነጠቀው ሞርጋ ነበር፤ ዓይን የሌለው፣ ጆሮው ጋሻ የሚያህል፣ የሚሮጠውን ሁሉ በኮቴው ድምፅ አሳዶ የሚውጥ የገደል አውሬ። ጠቢባኑ «ደወሉን የሚመልሰው ሩጫውን የጨረሰ ነው» ብለው ትንቢት ተናገሩ። ንጉሥ ዘንጉል ቃሉን የሰማው እንደሚመቸው ነበር። ከሁሉ ቀድሞ የሚጨርስ ማለት መስሎት ፈጣን ፈረሰኞቹን ሰደደ። ሞርጋም ተራ በተራ ዋጣቸው።

በዚያው ሰሞን ማንያዘው የተባለው ዳማ ፈረስ ከሩጫ ተሰናበተ። በንጉሡ ሜዳ ማንም ደርሶበት አያውቅም፤ ስሙም የወጣለት ከዚያ ነው። የዛግራ ልማድ ታዲያ ምን ነበር? ያረጀ የእሽቅድድም ፈረስ ይታረዳል፤ ቆዳው የሩጫ ማስጀመሪያ ከበሮ ላይ ይወጠራል። ዕድሜውን ሙሉ የሮጠ ሞቶም ያስሮጣል። ይህንንም ክብር ብለው ይጠሩታል፤ አያፍሩም!

ጋላቢዋ ትርሲት ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ሸንጎውን ሰንጥቃ ገብታ ከዙፋኑ ፊት ቆመች።

«ንጉሥ ሆይ! ይህ ፈረስ ስምዎን ሲያስጠራ ኖሯል። ቆዳውን ከመግፈፍዎ በፊት ለእኔ ይስጡኝ፤ ደወሉን በእርሱ ጭኜ አመጣለሁ። ካመጣሁ ግን ከእንግዲህ በዛግራ አንድም ፈረስ ለከበሮ እንዳይታረድ ይማሉልኝ!»

ንጉሡ ሳቀ። «በዙፋኔ ምያለሁ! ባዶ እጅሽን ከተመለሽ ግን ቆዳው ይወጠራል፤ ከበሮውን መጀመሪያ የምትመቺውም አንቺ ነሽ።»

የንጉሡ ፈረሶች አለቃ የነበሩት ሽማግሌው ባልደራስ ገልሞ ትንሽ ከበሮ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በበቅሎ ተከተሏት። «የሚሮጥ ፈረስ ይዘሽ ሞርጋ ዘንድ ብትሄጂ ቁርሱን አደረስሽለት ማለት ነው» አሏት። «መቆም እናስተምረው።»

ማስተማሩ መከራ ሆነ። ትርሲት ልጓሙን በሳበች ቁጥር ማንያዘው ይብስበታል። በውድድር ሜዳ ልጓም ሲጠብቅ ፍጠን ማለት ነበርና፣ እርሷ ቁም ስትለው እርሱ የሚሰማው ሩጥ ነው። አንድ ቀን እሾህ ለእሾህ ሲያላጋት ውሎ ትዕግሥቷ አለቀ። «ሂድ! ከፈለግህ ገደል ግባ! ይግፈፉህ!» ብላ ልጓሙን አንገቱ ላይ ወረወረችው። ፈረሱ ቀስ አለ፣ ቆመ፣ አንድ ጆሮውን ወደ እርሷ አዞረ። ትርሲት በራሷ ተናደደች፤ ለካ ሲያስሮጠው የከረመው ልጓሙን የሚስበው የራሷ እጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ልጓም ሲለቀቅለት መቆም ለመደ። የገልሞ ከበሮ ሲመታ ግን ያው እንደ ጥንቱ ነበር፤ አንድም ጊዜ ሳይፈረጥጥ ቀርቶ አያውቅም።

«ይህ ከበሮ የእናቱ ቆዳ ነው» አሏት ገልሞ አንድ ምሽት።

«ታዲያ እንዴት ተሸክመዋት ይዞራሉ?» ብላ ጮኸችባቸው።

«የት ልጣላት ልጄ?»



ገደሉ ጋ እንደደረሱ ገልሞ በቅሏቸውን አስረው ወዲያ ማዶ ቆዩ። ትርሲት ማንያዘውን ይዛ በእርምጃ ወረደች። ሞርጋ ተኝቷል። ደወሉን ከአጠገቡ አንስታ እንዳይጮህ ምላሱን በመቀነቷ አስራ ኮርቻው ላይ ጫነችና ወጣችበት። መመለስ ሲጀምሩ ቋጠሮው ተፈታ። ደወሉ አንዴ ጮኸ።

አውሬው ተነሣ። ትርሲት ልጓሙን ለቀቀች፤ ማንያዘው ቆመ። የሞርጋ አፍንጫ የፈረሱን ደረት ሲያሸት ትንፋሹ ጉልበቷን አቃጠላት። አፉን ሲከፍት ከማዶ ከበሮ ተመታ።

«ወደዚህ ና፣ አንተ የገደል ትል! ስንቱን ሳስሮጥ ኖሬ ዛሬ ተራው የእኔ ነው!» ገልሞ በማይታዘዝ ያረጀ ጉልበታቸው ከበሮውን እየደበደቡ ወደ ገደሉ አፋፍ ይሮጡ ነበር።

የማንያዘው ጡንቻ ተወጠረ፤ አንድ እግሩም ተነሣ። የትርሲት እጅ ሳታዘው ልጓሙን ያዘ። ብትስብ ሁለቱም አለቀላቸው። ጣቶቿን እንደምንም ፈለቀቀቻቸውና «አንተ ታውቃለህ» አለችው። ፈረሱ እየተንቀጠቀጠ እግሩን መልሶ አሳረፈ። ሞርጋ በአጠገባቸው አልፎ ከበሮውን ተከተለ። ከበሮው እየራቀ ሄደ፤ ከአፋፉም አውሬውንና ሽማግሌውን ይዞ ወደቀ። ትርሲት ድምጿ እስኪዘጋ ሽማግሌውን ተጣራች፤ ቀጥላም ንጉሡን ረገመች።

ደወሉ ግንቡ ላይ እንደተሰቀለ ዝናብ ወረደ። ንጉሡ ከዳሱ ሥር እንደ ድል አድራጊ ቆመ።

«ለባልደራሱ መታሰቢያ በፈረስ ቆዳ አዲስ ከበሮ ይወጠር! ማንያዘውም ለሕዝቡ አንዴ ይሩጥ፤ ምቱ!»

መሐላው የት ሄደ? የጠየቀ አልነበረም። ትልቁ ከበሮ አደባባዩን አናጋው። ማንያዘው በዝናቡ ውስጥ ንቅንቅ አላለም።

«ማን ያዘው?» ብሎ ንጉሡ አንባረቀ።

ትርሲት ከኮርቻው ላይ ሁለት ባዶ እጆቿን አነሣች። «ማንም!»

ወረደች፤ ቢላዋዋን መዘዘችና ወደ ከበሮው አመራች። ማንያዘው ልጓሙ አንገቱ ላይ እንደተጋደመ በእርጋታ ተከተላት። እርሷንም የያዛት አልነበረም።