ዘጠና አራት ቀን ያለ እረፍት

የኮምፒውተር ቤቱ ባለቤት ከብረት ጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። ቀኝ እጁ የተላጠ ሽቦ ጨብጧል፤ ሽቦው የወጣው ክዳኑ ከተከፈተ ጥቁር ኮምፒውተር ሆድ ነው። ከጎኑ ያለው ነጭ ኮምፒውተር ግን የባሕር ዳርቻ ፎቶውን አብርቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይሠራል።

«ኤሌክትሪክ ነው የገደለው!» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ኢንስፔክተሯ ገና ከበሩ ሳታልፍ። «የሷ ማሽን ነው የበላው!»

ጣቱን የቀሰረው ጥግ ላይ በቆመችው የጥገና ባለሙያ ላይ ነው። ሰባት ዓመት እዚህ ቤት ሠርታለች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ አንገቷን ግን አልደፋችም።

«ማሽኔ አልቆመም» አለች። «ካልቆመ ደግሞ ጋሼ የሚከፍቱበት ምክንያት የለም። ከፈለጋችሁ እሰሩኝ፤ ቃሌን ግን አላጥፍም።»

ኢንስፔክተሯን ባልደረቦቿ «ወስፌ» ይሏታል፤ ሳትበሳ አትመለስማ። የባለሙያዋን ፊት እያየች ሳለ ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነበር።

«አደጋ ነው አሉኝ። ልጅቷን በቸልተኝነት ያዢና ፋይሉን ዝጊው።»

«ገና አልጨረስኩም፣ ጌታዬ።»

«ትእዛዝ ነው!»

«ሰምቻለሁ» ብላ ዘጋችው። የሰማችውን ሁሉ የምትፈጽም ሴት አይደለችም።

የሱቁን ዘበኛ ወደ ውጭ ይዛው ወጣች።

«እዚህ ቤት እኮ ጦርነት ነው» አላት። «ታናሽየው ነጩን ከውጭ ያስመጣል። እሷ ደግሞ ጥቁሩን በእጇ ገጣጥማ፣ ፕሮግራሙንም ራሷ ጭናለች። የትኛው ይጸናል ሲባባሉ ጆሯችን ደነቆረ። ጋሼ ሲሰለቻቸው ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጡና ማንም እንዳያጠፋቸው አሉ። ቀድሞ የቆመው ከሱቁ ሊወጣ።»

«እስካሁንስ?»

«ዘጠና አራት ቀን። አንዱም ንቅንቅ አላለም።»

«ዛሬ ጠዋት ማን ገባ?»

«በዚህ በር ጋሼና እሷ ብቻ። እሷ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደንበኛ ጋ ሄዳ አራት ሰዓት ላይ ተመለሰች። ወዲያው ስትጮህ ሰማሁ። በጓሮው በር የገባ ካለ ግን እኔ አላይም፤ ቁልፉ ያለው ከወንድማማቾቹ ጋር ነው።»

ስትመለስ ታናሽየው እጁን አጣምሮ ጠበቃት።

«እርስዎ መቼ መጡ?»

«አራት ከሩብ፣ ከቤቴ። ስገባ ወንድሜ ወድቋል፣ የሷ ጉድ ደግሞ ድርግም ብሏል። ነጩን እዪው! ዘጠና አራት ቀን ሙሉ ፍንክች አላለም!»

«ጥቁሩን ነክተውት ያውቃሉ?»

«እኔ? ጣቴ ይቆረጥ!»

«ነጩንስ ማን ይከፍተዋል?»

«የይለፍ ቃሉን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ወንድሜም አያውቀውም። አንዱ የሌላውን እንዳይነካ ውላችን ይህ ነበር። ለአንቺ ግን ይህ ነገር ይከብድሻል፣ እህቴ።»

«ይከብደኝ ይሆናል» አለች ወስፌ።

ሬሳውን ሲመረምር የቆየው ሐኪም ተነሣ። «መዳፉ ላይ የቃጠሎ ምልክት አላገኘሁም። ጭንቅላቱ ከኋላ ተሰንጥቋል። ደሙ የጠረጴዛው ማዕዘን ላይ አለ።»

ወስፌ ሁሉንም በሁለቱ ማሽኖች ፊት ሰበሰበቻቸው። ሰዓቷን አየች፤ አምስት ሆኗል።

«አንድ ነገር ልንካ» ብላ የጥቁሩን ማሽን አንድ ቁልፍ ተጫነች። የጨለመው ስክሪን ቦግ አለ። ጥግ ላይ ሳይጠፋ የሠራበትን ጊዜ የሚቆጥር ቁጥር ይታያል፦ ዘጠና አራት ቀን ከሁለት ሰዓት።

«አሥር ደቂቃ ካልነኩት ስክሪኑ ብቻ ይጨልማል» አለች ባለሙያዋ። «ብያችሁ ነበር።»

«ብለሻል። ይህን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጣቱን ሊያስነካው የተጠየፈው። ጨልሞ ሲያየው ሞቷል ብሎ ደመደመ። ክዳኑን ፈታ፣ ሽቦ ልጦ ለሟቹ አስጨበጠ። በሚሠራ ማሽን ውስጥ እጁን ሲከት ኤሌክትሪኩ እሱን አለመያዙ ዕድል ነው።»

«ግምት ነው!» ጮኸ ታናሽየው።

«እንግዲያው ነጩን እንጠይቀው። በርቶ ከተነሣ ስንት ሰዓት ሆነው?»

ባለሙያዋ ትእዛዙን ጻፈች። መልሱን ያነበበው ሐኪሙ ነበር፤ «አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ።»



«ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ እንደ አዲስ ተነሥቷል» አለች ወስፌ። «ሲነሣ ደግሞ ይህን ባሕር ከማሳየቱ በፊት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ቃሉን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ቤቴ ነበርኩ ባሉበት ሰዓት እዚሁ ቆመው ቃሉን ጽፈዋል። ነጩ ቆመ፣ ወንድምዎ አዩት፣ ከሱቁ ይወጣል አሉ፤ ገፏቸው። ከዚያ ወንድምዎን ከማንሣትዎ በፊት ማሽኑን አነሡት።»

ታናሽየው የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ቁጭ አለ። «ሳቀብኝ… ገፋ ነው ያደረግኩት…» ድንገት ቀና አለ። «ለአንድ አፍታ እኮ ነው የቆመው! አንድ አፍታ አይቆጠርም!»

በካቴና ሲያወጡትም ይህንኑ ይደጋግም ነበር።

አንድ ፖሊስ ጥቁሩን ማሽን ለማስረጃ ሊነቅለው እጁን ዘረጋ። ባለሙያዋ ፊቱ ተገተረች። «አይጠፋም!»

«እዚሁ ፎቶ አንሣው» አለችው ወስፌ። ስልኳ እንደገና ጮኸ። «አልያዝኳትም፣ ጌታዬ። የምይዛት አይደለችም» ብላ መልስ ሳትጠብቅ ዘጋችው።

ባለሙያዋ ብሎኖቹን ከመሬት ለቃቅማ ክዳኑን መለሰች። የመጨረሻውን ብሎን አጠበቀች። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ «ጋሼ፣ አልቆመም እኮ» እያለች አለቀሰች።