የሽታዬ ብጉርና የዲንቄ ዓይን

ልጆች፣ ሽታዬ ሰብስቤ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ አዳማ ነው፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ። ዘመኑም በ፲፱፻፳ ዓ.ም. ግድም ነበር። አባቷ አቶ ሰብስቤ የባቡሩን ሐዲድ ይጠብቁ ነበር።

ጓደኛዋ ዲንቄ ትባላለች። የዲንቄ አባት ጆቴ ብረት ቀጥቅጠው ማረሻ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ሁለቱ ልጆች ውሃ አብረው ይቀዳሉ፤ እንጨት አብረው ይለቅማሉ። አንዷ በአማርኛ የጀመረችውን ወሬ ሌላዋ በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች።

አንድ ቀን ዲንቄ ጓደኛዋን አየት አደረገችና፣ "ሽታዬ፣ ፊትሽ እንዴት ያምራል!" አለቻት።

በሦስተኛው ቀን ሽታዬ ግንባር ላይ አንዲት ብጉር ብቅ አለች። የጤፍ ፍሬ ብታክል ነው። ሽታዬ ግን ልትተዋት አልቻለችም። በጥፍሯ ጨመቀቻት። እናንተም እንዲህ ታደርጉ ይሆናል፤ እጃችሁን አታውጡ፣ አልጠይቃችሁም። በማግሥቱ ብጉሯ ቀልታና አብጣ አደረች።

ከዚያ ፋሲካ ደረሰ። እናቷ ወይዘሮ መሰለች ሹሩባ ሠርተው አናቷን በለጋ ቅቤ ሞሉላት። የአዳማን ፀሐይ መቼም ታውቁታላችሁ። ቅቤው ቀልጦ በግንባሯና በጉንጯ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ፊቷ ሁሉ ብጉር ሆነ።

ውሃ መቅጃው ዘንድ ልጆቹ ከበቧት።

"ውይ ሽታዬ! ምን ሆንሽ?"

ሽታዬ አፈረች። "አላውቅም" ብትል ደግ ነበር። እሷ ግን፣ "ዲንቄ አይታኝ ነው። ፊትሽ ያምራል ባለችኝ በሦስተኛው ቀን ወጣብኝ" አለች።

ቃሏ ከአፏ ስትወጣ ቀላል ነበረች። በማግሥቱ ግን ዲንቄ በጠጣችበት ቅል የሚጠጣ ልጅ ጠፋ። እናቶች "ቡዳ ናት" እያሉ ሕፃናታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ገበሬዎችም ማረሻቸውን ወደ ሌላ ቀጥቃጭ ይወስዱ ጀመር። ዲንቄ ብቻዋን ውሃ ቀድታ ብቻዋን ትመለሳለች። ሽታዬ ታያታለች፤ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ አክስቷ እትዬ ዘርፉ ከአዲስ አበባ በባቡር መጡ። እትዬ ዘርፉ ሐኪም ቤት በሽተኛ የሚያስታምሙ፣ ሳቃቸው ከባቡሩ ጩኸት የማያንስ ሴት ነበሩ። የሽታዬን አገጭ ይዘው ወደ ብርሃን አዞሯት።

"እሰይ! የኔ ልጅ አደገች!"

"እትዬ፣ ምኑ ነው እሰይ የሚያሰኝዎ? ፊቴ ተበላሸ እኮ!"

"እኔ በአንቺ ዕድሜ ፊቴ የሽምብራ ማሳ ይመስል ነበር። ነይ ላሳይሽ። ይህች ጥቁር ነጥብ ቆሻሻ እንዳትመስልሽ፤ አፏ የተከፈተ ብጉር ናት። ይህች ነጯ አፏ የተደፈነ ናት። ይህ ቀዩ የተቆጣው ነው፤ ያ ደግሞ መግል ቋጥሯል። ይሄ ከሥር ጠጥሮ የሚያምሽ ግን ከሁሉ የባሰው ነው። እሱን ከነካካሽው ጠባሳ ይተውብሻል።"

"ከምን ይመጣል?"

"ቆዳችን የራሱ ቅባት አለው፤ በትንንሽ ቀዳዳ ይወጣል። ልጅ ማደግ ሲጀምር ቅባቱ ይበዛል፤ ቀዳዳውም ይደፈናል። ብጉር ይኸው ነው። አንቺ ደግሞ የእናትሽን ቅቤ ጨመርሽበት፤ በጥፍርሽም ቆፈርሽው!"

"እትዬ፣ ሰው በዓይኑ አያመጣውም?"

"ዓይንማ ያያል እንጂ ምን ብጉር ይዘራል!" ብለው ሳቁ።

ሽታዬ ግን አልሳቀችም። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ብጉሩ ሲጠፋ ነገሩም ይረሳል ብላ አሰበች። ይህን ስታስብ አባቷ ገቡ።

"ጆቴ ወደ ወለንጪቲ ሊሄድ ነው። ዕቃውን በአህያ እየጫነ ነው። በልጄ ላይ እንዲህ ያለ ስም ወጥቶ እንዴት እኖራለሁ አለኝ" አሉ።

ሽታዬ ብድግ ብላ ሮጠች።

በጆቴ ደጅ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነበር። ሽታዬ እያለከለከች፣ "አባባ ጆቴ፣ አይሂዱ! ሳላውቅ ያወራሁት እኔ ነኝ። ብጉሬ ከራሴ ቆዳ የመጣ ነው። ስላፈርኩ በዲንቄ ላይ አላከክሁት!" አለች።

ጆቴ የያዙትን መዶሻ መሬት አስቀመጡ።

"ኮቱ፣ ነይ ልጄ" አሉ። "ይቅርታውን ዲንቄን ጠይቂ።"

ሽታዬ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ዲንቄ ያዘቻት።

"ሁለት ሳምንት ሙሉ የሰው ፊት ቀና ብዬ አላየሁም" አለች ዲንቄ። "ባየው ይታመምብኛል ብዬ ፈራሁ።"

ይህን ብላ አለቀሰች፤ ሽታዬም አብራት አለቀሰች። ኋላ ዲንቄ እንባዋን ጠረገችና የጓደኛዋን ፊት ቀረብ ብላ፣ ደኅና አድርጋ አየችው።

"ሽታዬ፣ እኔም አገጬ ላይ አንድ ወጥቶብኛል። ማን አይቶኝ ይሆን?"

"እኔ ነኛ!"

ጆቴ ሳይቀሩ ሳቁ። ሽታዬ የዲንቄን ቅል አንሥታ ሰው ሁሉ እያየ ውሃውን ጭልጥ አደረገችው። "ለእኔም!" አለች አንዷ ልጅ። "ለእኔም!" አለች ሌላዋ። አህያውም ጭነቱ ሲራገፍለት ደስ ብሎት መሰለኝ፣ አናፋ። እትዬ ዘርፉ ከኋላ ደርሰው የመንደሩን ልጆች አገጭ ተራ በተራ ያዩ ጀመር። ምሳ እስኪደርስ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም።

ብጉሩስ? ትሉኝ ይሆናል። ወዲያው አልጠፋም። ሽታዬ ጠዋትና ማታ ፊቷን በንጹሕ ውሃ ቀስ ብላ ታጠበች፤ ቅቤውን ከግንባሯ አራቀች፤ እጇንም ሰበሰበች። ብጉሩ በየወሩ እየቀነሰ ሄደ፤ አንዳንዱ ግን እስክትዳር ተከተላት። ጆቴም በማግሥቱ ከሰላቸውን አነደዱ። አቶ ሰብስቤ መጥረቢያቸውን ይዘው ከሁሉ ቀድመው ደጃቸው ተገኙ።

ልጆቼ፣ ምክንያቱን በማታውቁት ነገር ሰውን አትውቀሱ፤ በሰው ፊት ያጠፋችሁትንም በሰው ፊት አቅኑት።